ዋስህ ማን ነው?
የተሽከርካሪ ስርቆትንና የተሰረቀ መለዋወጫ ንግድን ስለ መከላከል
በደብረ ታቦር ለጋራዥ ባለሙያዎችና ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች የቀረበ ንግግር



በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት የገበያ ከተሞች በሬ የሚገዛ ገበሬ የበሬውን ጥርስ አይቶ፣ ሻኛውን ዳብሶ፣ አረማመዱን መርምሮ ካበቃ በኋላ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የማይዘነጋው አንድ የቆየ ጥያቄ አለው። ይኸውም «ዋስህ ማን ነው?» የሚለው ነው። ሻጩ የአገር ሰው ከሆነ የሚያውቀው አይጠፋም። እንግዳ ከሆነ ግን ከገበያው ውስጥ የታወቀ ሰው ፈልጎ፣ በሬው የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ቢገኝ ኃላፊ እንዲሆን ያቆማል። ዋስ የሌለው በሬ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ብልህ ገበሬ ገንዘቡን አያወጣበትም፤ ርካሽነቱ ራሱ ያስጠረጥረዋልና።

የዚሁ ገበሬ ልጅ ዛሬ አይሱዙ ወይም ባጃጅ ገዝቶ በወረታና በነፋስ መውጫ መካከል ባሉት ከተሞች ይሠራል። ባትሪው ሲሞትበት፣ ዲናሞው ሲቃጠልበት፣ ስፖኪዮው ሲሰበርበት ገንዘቡን ይዞ ወደ ጋራዥ ይመጣል። «ዕቃው ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ዋጋውስ ስንት ነው?» ይላል። «ከማን ተገዛ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። አባት በከብት ገበያ የማይዘነጋውን ጥንቃቄ ልጅ በመለዋወጫ ሱቅ ረስቶታል።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ይህን የተረሳ ጥያቄ ወደ ቦታው መመለስ ነው። የተሽከርካሪ ስርቆት በሌባው ድፍረት ብቻ አይኖርም፤ በገዢው ዝምታም ይኖራል። ከገዢዎችም ሁሉ ለተሰረቀው ዕቃ የሚቀርበው የጋራዥ ባለሙያው ነው። ስለዚህ ነገሩ ለፖሊስ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የማኅበሩን አባላት ስምና እንጀራ በቀጥታ የሚነካ ነው።

መንኰራኵር በዚህ አገር

ደብረ ታቦርና አካባቢው ከመንኰራኵርና ከብረት ሥራ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ከከተማው አጠገብ በሚገኘው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው የእጅ ባለሙያዎች ብረት አቅልጠው መድፍ ሠርተዋል። ከእነዚህም የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ሲነሡ ይህ መድፍ በሠረገላ ላይ ሆኖ፣ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተጠረገለት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው እየጐተተው በጋይንትና በዋድላ ደላንታ አድርጎ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። በደርግ ዘመን ደግሞ በቻይና ርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦርና በጉና ትከሻ አልፎ ይህን ደጋ ከምሥራቅና ከምዕራብ አገናኘው።

ይህ ታሪክ እዚህ የተነሣው ለጌጥ አይደለም። መንኰራኵር በዚህ አገር ከመጀመሪያው ጀምሮ የብዙ ሰው ድካም የተሸከመ ንብረት መሆኑን ያስረዳል። አንድ የጭነት መኪና የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ የጉናን ድንችና ገብስ ለገበያ የሚያቀርበው ገበሬ፣ የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት የሚያከፋፍለው ነጋዴ ሁሉ በእርሱ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ተሽከርካሪዎች በዕቁብ፣ በብድርና በወንድማማች መዋጮ የተገዙ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ባትሪና ሞተሪኖ ሲፈታ የሚሰረቀው ዕቃው ብቻ ሳይሆን የሥራ ቀንም ነው፤ ድንቹ ይበሰብሳል፣ የብድሩ ቀን ያልፋል፣ ወላድ የሚያደርስ ባጃጅ ይቆማል።

የተሰረቀ ዕቃ እንዴት ይጓዛል?

መኪና በሁለት መንገድ ይሰረቃል። የመጀመሪያው ሙሉ ተሽከርካሪውን መውሰድ ነው። ሁለተኛው፣ በየቀኑ የሚታየውም፣ ዕቃውን እየፈቱ መውሰድ ነው። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የፊት መብራት፣ ባትሪ፣ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ በአዳዲሶቹም መኪኖች ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር የዚህ ስርቆት ሰለባዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ስፖኪዮው የጠፋበት ባለ መኪና ወደ ሶማሌ ተራ ሄዶ እንዲፈልግ መመከሩ ከቀልድ አልፎ ልማድ ሆኗል። በዚያ ሰፈር በሐቀኝነት የሚነግዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ጥፋቱም የአንድ ሰፈር አይደለም። ነገር ግን ሰው የራሱን ዕቃ በራሱ ገንዘብ መልሶ ሲገዛ «ዕድለኛ ነህ» የሚባልበት ገበያ የታመመ ገበያ ነው።

የተሰረቀ ዕቃ ብዙ ጊዜ በተሰረቀበት ከተማ አይቆይም፤ ቢቆይ ባለቤቱ ያውቀዋልና። ከፈቺው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ ባለ ሱቁ፣ ከባለ ሱቁም በጭነት መኪና ሆኖ ወደ ራቅ ያሉ ከተሞች ይሄዳል። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ባለፈ ቁጥር ታሪኩ ይጠፋል። ሦስተኛው ሻጭ ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን በእርግጥ ላያውቅ ይችላል፤ አራተኛው ገዢ ደግሞ ለመጠየቅ ምክንያት ያጣል። በመጨረሻም መዳቡ፣ አሉሚኒየሙና እርሳሱ ቀልጦ ሲቀር የሚመሰክር ነገር አይኖርም። የቀለጠ ብረት ባለቤቱን አይናገርም።

ይህን ንግድ የሚያሞቀው የዋጋ መናር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወደ 57 ብር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እነዚህ እርምጃዎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። በጋራዥ ግቢ ውስጥ ያላቸው ውጤት ግን አንድ ነው፤ በእጅ ያለው መኪና ከቀድሞው ይልቅ ለረጅም ዘመን እንዲሠራ ይፈለጋል፣ ያረጀ መኪና ብዙ ዕቃ ይበላል፣ አዲሱ ዕቃ ደግሞ ውድ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ መኪና ተፈታትቶ ሲሸጥ ከሙሉው የሚበልጥ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ሌባው ይህን ስሌት ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ስርቆት በቅጣት ብቻ እንደማይቀንስ፣ ነገር ግን ዕድሉን በመዝጋት በእጅጉ እንደሚቀንስ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1963 መሪ የሚቆልፍ መሣሪያ በአዲሱም በአሮጌውም መኪና ሁሉ ላይ እንዲገጠም ባስገደደች ጊዜ የመኪና ስርቆት ወዲያው ወረደ። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ መሣሪያ ለአዳዲስ መኪኖች ብቻ ስታስገባ፣ አዳዲሶቹ ተጠበቁና ሌባው ወደ አሮጌዎቹ ዞረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጥበቃ ከፊሉን ብቻ ሲሸፍን ጉዳቱን ጥበቃ ወደሌለው ጎረቤት ያዛውረዋል።

አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ፣ ስርቆት በሚበዛባቸው የመኪና ዓይነቶች ላይ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ በር፣ ኮፈንና የመሳሰሉት ዋና ዋና ክፍሎች የመኪናውን መለያ ቁጥር እንዲይዙ አደረገች። የሕጉ ዐላማ መኪናው ተፈታትቶ እንኳ እያንዳንዱ ክፍል ስሙን እንዲናገር ማድረግ ነበር። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ያለ ራሳቸው ቁልፍ ሞተር የማያስነሣ ኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ እንዲኖራቸው አስገደዱ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቁራጭ ብረት ነጋዴዎች ሕጓ ብረት በጥሬ ገንዘብ መግዛትን ከለከለ፤ የሻጩ ማንነት እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብም አዘዘ። እነዚህ ሕጎች ከተለያየ ቦታ ቢነሡም የሚደርሱበት አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ለዕቃው ስም ይሰጣል፣ የመጨረሻው ለሻጩ ስም ይሰጣል። በጉና ገበያ ቋንቋ ሲነገር የበሬውን መልክ ማወቅና የባለ በሬውን ዋስ መጥራት ማለት ነው።

የተሽከርካሪ ስሙ የት ነው?

ብዙ ሰው የመኪና ስም ታርጋው ይመስለዋል። ታርጋ ግን በሁለት ብሎን የሚታሰር ቆርቆሮ ነው፤ ይፈታል፣ ይለወጣል። የመኪናው እውነተኛ ስም የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ይህ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሠሪውን ይገልጣሉ፤ ቀጥለው ያሉት ስድስቱ ዓይነቱን፣ የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ደግሞ ያንኑ አንድ መኪና ለይተው ያሳውቃሉ። አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይገቡበትም፤ ከእነዚህ አንዱ ባለ 17 በሆነ ቁጥር ውስጥ ከታየ ነገሩ መመርመር አለበት። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን ያጠረ ቁጥር ስላላቸው ማጠሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም።

ባለሙያው መኪና ሲረከብ የሻንሲውን ቁጥር፣ የሞተሩን ቁጥርና ሊብሬውን ማስተያየት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። የተሞረደ ብረት ያበራል ወይም ይሰረጉዳል፤ በፋብሪካ የተመታ ቁጥር ጥልቀቱና ርቀቱ እኩል ሲሆን በእጅ የተመታው ይዛነፋል። በሌላው አካል ላይ የሌለ አዲስ ቀለም በቁጥሩ ዙሪያ ብቻ ከታየ፣ በፋብሪካ የተለጠፈው ሰሌዳ በሌላ ሚስማር ከተመታ፣ የበሩና የሻንሲው ቁጥር ካልተስማማ፣ ባለሙያው ካርቱን አስቀምጦ መጠየቅ ይገባዋል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ተመዝግቦና ተመርምሮ እንዲንቀሳቀስ የደነገገው ለገቢ መሰብሰቢያ ብቻ አይደለም። ሞተር ሲለወጥ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስታውቆ ሊብሬውን ማስተካከል ባለንብረቱን ይጠብቀዋል። ያልተመዘገበ ሞተር የያዘ ሰው መኪናውን ሲሸጥ ወይም በመንገድ ላይ ሲመረመር ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ የማይነገርለት አንድ በር አለ። በአደጋ የተሰባበረና ዳግመኛ የማይጠገን መኪና ብረቱ ሲሸጥ ሊብሬውና ታርጋውም አብረው ይሸጣሉ። ገዢው የሚፈልገው ብረቱን ላይሆን ይችላል፤ ወረቀቱን ሊሆን ይችላል። የሞተውን መኪና ስም ለተሰረቀው አልብሶ ሕያው ያደርገዋልና። ስለሆነም የማይጠገን መኪና ሲፈታ ሊብሬውና ታርጋው ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መመለስ አለባቸው። የሞተ ሰው መታወቂያ በገበያ እንደማይሸጥ ሁሉ የሞተ መኪናም ስሙ ሊሸጥ አይገባም።

ሕጉ ስለ ገዢው ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሌባውን ብቻ አይመለከትም። በአንቀጽ 682፣ በሌላ ሰው ወንጀል የተገኘን ንብረት የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት እየቻለ የገዛ፣ የተቀበለ፣ የደበቀ ወይም በመሸጥ የተባበረ ሰው ያስቀጣል። ከዚህ ውስጥ ክብደት ያላቸው «መገመት እየቻለ» የሚሉት ቃላት ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሞተር የፈታ ባለሙያ ሽቦው በመቁረጫ የተቆረጠ ዲናሞ በምሽት በግማሽ ዋጋ ሲቀርብለት «አላወቅሁም» ቢል ዳኛው የባለሙያነቱን ዕድሜ ይቆጥርበታል። ለሌላው ሰው መከላከያ የሚሆነው አለማወቅ ለባለሙያው መከላከያ ሊሆን አይችልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ዕቃው የተሰረቀበት ባለቤት ንብረቱን እንዲያስመልስ መንገድ ይሰጠዋል። እንግዲህ በርካሽ የተገዛ ዕቃ ከገዢው እጅ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

ስለ መድን ያለው የተሳሳተ ግምትም መታረም አለበት። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተሠራ ነው፤ የባለቤቱ መኪና ወይም ባትሪ ሲሰረቅ አይከፍልም። «መድን አለኝ» ብሎ መኪናውን ሜዳ ላይ የሚያሳድር ሰው የውል ወረቀቱን ማንበብ ይገባዋል። የአገሬው ምሳሌ «ደጅህን ዝጋ፤ ጎረቤትህን ሌባ አትበል» የሚለው ለዚህ ነው።

ፈተናው በጋራዡ ውስጥ

አንድ ጋራዥ ይታሰብ። ቀኑ መሽቷል፤ የጉና ብርድ ወርዷል። ድንች የጫነ አይሱዙ ዲናሞው ተቃጥሎ ቆሟል። ሹፌሩ እስከ ነገ ባሕር ዳር ካልደረሰ ጭነቱን ማን እንደሚቀበለው አያውቅም። አዲስ ዲናሞ በከተማው የለም፤ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፣ ዋጋውም ከሹፌሩ አቅም በላይ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ዲናሞ ይዞ ይገባል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ከግማሽ በታች ነው። ባለ ጋራዡ ወጣቱን አያውቀውም፤ የሽቦውን አቆራረጥ ግን ያውቀዋል።

ፈተናው ይህ ነው። ባለሙያው ቢገዛ ሹፌሩ ያመሰግነዋል፣ እርሱም ያተርፋል፣ ድንቹም ይደርሳል። ባይገዛ ደንበኛውን ሊያጣ ይችላል፤ ጎረቤት ያለው ጋራዥ ይገዛውና ሥራውን ይወስድበታል። ይህን ኪሣራ ቀላል አድርጎ መናገር ለባለሙያው ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን በዚያው ሌሊት በሌላ ከተማ፣ ምናልባትም በወረታ ወይም በሐሙሲት፣ ሌላ ሹፌር ማለዳ ተነሥቶ ሞተሩን ሲያስነሣ የተቆረጠ ሽቦ ብቻ ያገኛል። የአንዱ ሹፌር ጭነት የደረሰው በሌላው ሹፌር ጭነት መበስበስ ነው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተራው የመጀመሪያው ሹፌር ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ጋራዥ ብቻውን አልገዛም ቢል እንደ እንግሊዝ አሮጌ መኪኖች ሁሉ ጉዳቱ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ሁሉም ጋራዥ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ግን ያ ከረጢት የሚገባበት በር ያጣል። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ሰው በብቸኝነት ሲፈጽመው ኪሣራ የሆነው ነገር ሁሉም ሲፈጽመው የጋራ ጥቅም ይሆናል።

ከውጭ የሚመጣውን ሌባ ብቻ እያዩ የውስጡን መተውም አይገባም። ለጥገና የገባ መኪና ደህናው ዕቃ ወጥቶ አሮጌ እንደሚገባበት ደንበኞች ይጠረጥራሉ፤ ጥርጣሬያቸውም ሁልጊዜ መሠረተ ቢስ አይደለም። የደንበኛን ዕቃ የለወጠ ጋራዥ በመንገድ ላይ ስፖኪዮ ከሚነቅለው ወጣት የሚለየው በጣሪያው ብቻ ነው።

ጥርጣሬ ሳይሆን መዝገብ

ሌባን ስለ ማደን በዚህ አገር የቆዩ ሁለት ልማዶች ነበሩ። አንዱ ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና በገመድ ተይዞ ይነዳል፤ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። በዚህ ልማድ ብዙ ንጹሕ ሰው ተጎድቷል፤ በኋላም በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ሁለተኛው ዱካ ነው። ከብት የተሰረቀበት ሰው ዱካ ይዞ ሲሄድ፣ ዱካው የገባበት አገር ሰው ዱካውን ከወሰኑ ማስወጣት ይጠበቅበት ነበር፤ ማስወጣት ካልቻለ ኃላፊነቱ በእርሱ ላይ ይወድቅ ነበር። የመጀመሪያው በግምት ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ምልክት ይከተላል።

ዛሬም ቢሆን ይህ ልዩነት አልጠፋም። ቁራጭ ብረት የያዘውን ልጅ ሁሉ «ሌባ» ብሎ መደብደብ ሌባ ሻይን በሌላ ስም መመለስ ነው። ያገለገለ ዕቃ ንግድ ራሱ ወንጀል አይደለም። እንዲያውም ያለ እርሱ የዚህ ደጋ መኪኖች ግማሾቹ በቆሙ ነበር። ቆራሌውም፣ ያገለገለ ዕቃ ሻጩም በሐቅ ሠርቶ የማደር መብት አላቸው። የሚያስፈልገው ሐቀኛው ራሱን ከሌባው የሚለይበት ዱካ ነው። ይህም ዱካ መዝገብ ይባላል።

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ነጥቦች ከፍ ያለ ወጪ የማይጠይቁና በማኅበሩ አባላት ስምምነት ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

1ኛ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ጋራዥም ሆነ ሱቅ መዝገብ ይኑረው። በመዝገቡም የሻጩ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ዕቃው የወጣበት መኪና ሻንሲ ቁጥር፣ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ዋጋውና የዋሱ ፊርማ ይስፈር። የዕቃው ፎቶግራፍ በስልክ ይነሣ። ሻጩ ዋስ መጥራት ካልቻለ ዕቃው አይገዛ።

2ኛ፤ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን። በዚህ መንገድ የተከፈለ ገንዘብ ዱካ ይተዋል። ስሙን ለመጻፍ የማይፈራ ሻጭ ይህን አይጠላም፤ የሚጠላው የሚሸሸው ነው።

3ኛ፤ የተገዛው ዕቃ ሳይገጠምና ሳይሸጥ ጥቂት ቀን ይቆይ። በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእስቴና በነፋስ መውጫ ያሉ ባለሙያዎች የጠፋ ዕቃ ወሬ በዚያው ቀን ቢለዋወጡ ባለቤቱ ዕቃውን የሚያገኝበት ጊዜ ይኖረዋል።

4ኛ፤ ከመኪና የወጣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለደንበኛው በእጁ ይሰጥ፤ ደንበኛው ካልፈለገው በፊርማው ይተወው። መኪና ሲገባ የባትሪው፣ የጎማዎቹና የትርፍ ጎማው ዝርዝር ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። ይህ ደንበኛውን ከጋራዡ፣ ጋራዡንም ከሐሰት ክስ ይጠብቃል።

5ኛ፤ ባለንብረቶች በመስታወት፣ በስፖኪዮ፣ በመብራትና በባትሪ ላይ ቁጥር ያስቀርጹ። በአዲስ አበባ ብዙዎች የታርጋ ቁጥር ያስቀርጻሉ፤ ነገር ግን ታርጋ ሊለወጥ ስለሚችል የማይለወጠው የሻንሲ ቁጥር የመጨረሻ አኃዞች ይመረጣሉ። ጋራዦች ይህን ሥራ በአነስተኛ ዋጋ ቢሠሩ ሕጋዊ ገቢም ያገኛሉ። ከጀርመን ትምህርት እንደታየው ግን ጥቅሙ የሚበዛው ሁሉም ሲያስቀርጽ ነው።

6ኛ፤ ቁልፍ በሞተር ላይ ተትቶ ዕቃ ማውረድ፣ ለማያውቁት ረዳት መኪና አስነሥቶ ማቆየት፣ ባጃጅን ያለ ሰንሰለት ማሳደር ይቅር። በአንድ ሰፈር የሚያድሩ ተሽከርካሪዎች ባለቤቶች ተባብረው አንድ ግቢና አንድ ዘበኛ ቢይዙ ለየብቻ ከሚያወጡት ያነሰ ያወጣሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተገለጠው ሁሉ ስርቆትን ፈጽሞ ያጠፋል ማለት አይደለም። ድህነት፣ ሥራ ማጣትና የሰላም መጥፋት ካሉ የሚሰርቅ እጅ አይጠፋም፤ እነዚህም የጋራዥ ባለሙያ ብቻውን የሚፈታቸው አይደሉም። ነገር ግን ሌባ የሚሰርቀው ለመሸጥ ነው። ስፖኪዮ አይበላም፣ ዲናሞ አይለበስም። ገዢ ያጣ የተሰረቀ ዕቃ ለሌባው ሸክም ብቻ ይሆንበታል። ሌቦች የሚጣሉት ሲሰርቁ ሳይሆን ሲካፈሉ ነው ይባላል፤ የሚካፈሉት ገንዘብ ሲያጡ ደግሞ መስረቁ ራሱ ከንቱ ድካም ይሆናል።

የጉና ገበሬ ይህን የተማረው ከትምህርት ቤት አይደለም። በሬው ከጠፋ ማሳው ጦም እንደሚያድር ያውቃል፤ ስለዚህም የጎረቤቱን በሬ በርካሽ መግዛት የራሱን በረት መክፈት መሆኑን ተረድቷል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ አንድ ሐይቅ እንደሚገቡ ሁሉ፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚሠሩ ጋራዦች መልካም ስምም ክፉ ስምም የሚጠራቀመው በአንድ ቦታ ነው። አንዱ ሲገዛ ሁሉም ይታማሉ፤ ሁሉም ሲጠይቁ አንዱም አይደፈርም።

እንግዲህ በምሽት ከረጢት የተሸከመ ሰው ወደ ጋራዡ በር ሲመጣ የማኅበሩ አባል አስቀድሞ ዋጋ አይጠይቅ፤ አይሳደብ፣ አይማታም። አባቶቹ በበሬው ገበያ ያቆዩለትን ጥያቄ በጨዋ ደንብ ያቅርብ፤ መዝገቡንና እስክሪብቶውንም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ሐቀኛው ሰው ቁጭ ብሎ ያስጽፋል። ሌላው ከረጢቱን አንሥቶ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ጋራዥ ደጃፍም ያው ጥያቄ ሊጠብቀው ይገባል፤ ዋስህ ማን ነው?